ከአልጋ ሥር ያለው ሣጥን፦ ስለ ቤተሰብ መዛግብት አጠባበቅና አመዘጋገብ

ስለ ጥንታዊ መዛግብት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ብራና መጻሕፍት፣ ወደ ነገሥታት ዜና መዋዕልና በገዳም ዕቃ ቤት ተቆልፎ ወደሚኖር ወንጌል ነው። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ እንዴት እንደ ተሠራች፣ ማን ከየት መጥቶ የት እንደ ሰፈረ፣ መሬቱን ከማን ገዝቶ ለማን እንደ ሸጠ፣ ልጁን የት እንዳስተማረና ለማን እንደ ዳረ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ዜና መዋዕል ቢገልጥ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እርሱ የሚፈልገው ነገር ያለው በየቤቱ ከአልጋ ሥር በተገፋ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ከቁም ሣጥን አናት በተጫነ አሮጌ ሻንጣ፣ አንዳንዴም በብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው። የርስት ካርታና የግብር ደረሰኝ፣ የሹመት ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ ልጅ ከባሕር ማዶ የላከው ፖስት ካርድ፣ በጀርባው የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት የሠርግ ፎቶግራፍ፣ ቤተሰቡ የወለደበትንና የቀበረበትን ቀን የጻፈበት የዳዊት ባዶ ገጽ፤ በዚህ ጽሑፍ የቤተሰብ መዝገብ የምንለው ይህን የመሰለውን ሁሉ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል፣ ማለትም ከካዛንቺስና ከኡራኤል አንሥቶ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በመገናኛ፣ በየካና በኮተቤ አድርጎ እስከ አያት ያለው፣ ሰው ዕቃውን ጭኖ የሚዞርበት አገር ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙ ቤት ሲፈርስ ብዙ ሰው ኑሮውን ጠቅልሎ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። በችኮላ ዕቃ የሚጭን ቤተሰብ ምን እንደሚያስቀድም የታወቀ ነው፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምጣዱ፣ የብረት በሩ ሳይቀር ይጫናል። ወረቀት ግን ይከብዳል፤ አቧራም አለበት፤ አዲሱ የኮንዶሚኒየም ቤትም ጠባብ ነው። በዚህ መካከል «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በበሩ ያለፈ እንደ ሆነ የአያት ደብዳቤ ከባዶ ጠርሙስና ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይወረሳል የሚለው ቃል ግን በከተማችን ሁለት ትርጉም እንዳለው ማንም አይስተውም። ልጅ ካባቱ ይወርሳል፤ መንግሥትም ይወርሳል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ በየሣጥኑ የነበረው ካርታ ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ ቢስ ወረቀት ሆነ። ከአምስት ወር በፊት፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠሩ መሬት አዋጅ ወጥቶ ነበርና የጋሻ መሬት ሰነድም ያው ዕጣ ደርሶታል። ከፊሉ ቤተሰብ «አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል» ብሎ ሸሸገው፤ ከፊሉ ደግሞ ባለርስት መባልን ፈርቶ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ከዚያም በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳው ሲመጣ መሬትን የማይመለከተው ወረቀት ሳይቀር አስፈራ፤ መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ የማኅበር ማስታወሻ፣ ይህችን የመሰለች በማባዣ የወጣች የተማሪ መጽሔትም ጭምር ተቃጠለ፣ ሽንት ቤት ተጣለ፣ ጓሮ ተቀበረ። ከነዚህ ዘመናት በፊትም ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተማውን ለቀው ሲወጡ የተነሣው ዘረፋና ቃጠሎ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የነደደው ቤት አለ። ዛሬ በአንድ ቤት ሣጥን ተገኘ ማለት ከነዚህ ሁሉ የተረፈ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ከጦርነትና ከአብዮት የተረፈው ወረቀት በዕቃ ጭነት ቀን ቢጠፋ ያሳዝናል ብቻ ሳይሆን ያሳፍራል።

ቀደምት ቤተሰብ የምንለው ማንን ነው? በሌላው አገር የሰፈር ታሪክ ማኅበር ሲቋቋም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበስበው አገሩን «ያቀኑ» የሚባሉትን ቤተሰቦች ወረቀት ነው። እኛ ግን በዚህ ቃል መጠንቀቅ ይገባናል። ቦሌም ሆነ የካ ከተማ ከመሆኑ በፊት ባዶ ምድር አልነበረም፤ የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱት፣ ከብት የሚሰማራበት አገር ነበር። የገበሬው ቤተሰብ ብዙ ወረቀት የለው ይሆናል፤ ያለው የግብር ደረሰኝ፣ የእርሻ ውል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽማግሌው በቃሉ የሚቈጥረው የትውልድ ሐረግ ነው። በቅርብ ዓመታት ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋና ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የተሰጠው የካሳ ደብዳቤም አለ። ይህም መዝገብ ነው፤ ነገ ታሪክ የሚጻፍበት እርሱ ነው። የገበሬውን ትተን የባለካርታውን ብቻ ከሰበሰብን የመሬቱ ታሪክ የሚጀምረው ከቀላዱ ይሆንብናል።

ከገበሬው ቀጥሎ የመጣው እንደ ሰፈሩ ይለያያል። የሰፈሮቹ ስም ራሱ ጥቂት ይነግረናል፤ ባልደራስ የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያዝዘውን ሹም ማዕርግ ያስታውሳል፤ ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን የወሰደው ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ከሚያሠሩበት ድርጅት ስም ነው። በቦሌ ግን የሰፈሩን መልክ የለወጠው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ማረፊያው ልደታ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቦሌ ሲዞር መንገዱም፣ ቪላውም፣ የአየር መንገዱ ሠራተኛም ተከትሎ መጣ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 እ.ኤ.አ. አዛዥ ሆነው ከበረሩ ወዲህ የሠራ አብራሪ፣ መካኒክ፣ አስተናጋጅ ሁሉ በቤቱ አንድ ነገር አስቀምጧል፤ የበረራ መዝገብ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ በማይታወቅ አገር ሆቴል በር ላይ የተነሡት ፎቶግራፍ። ይህ ትውልድ አሁን በዕድሜ የገፋ ነው። ልጆቹም ብዙዎቹ አሜሪካና አውሮፓ ናቸው፤ ቤቱ ሲሸጥ ሣጥኑን የሚከፍተው ደላላው ነው።

እንዲህ ያለ የቤት ወረቀት ምን ይጠቅማል ለሚለን ጓደኛ ምሳሌ እናቀርባለን። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ዛሬ ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመን አስተዳደር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሳይገልጠው የማያልፈው መጽሐፍ ነው። አባታቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ መስቀል ታሪኩ ነበሩና የመንግሥት ሥራና የመንግሥት ወረቀት ለደራሲው የቤት ዕውቀት ነበር። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ እንውሰድ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እኚህ ሰው በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ የገዛ ታሪካቸው ገና የእጅ ጽሑፍ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በ1999 ዓ.ም.፣ ማለት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ያ ጽሑፍ አንድ የቧንቧ ፍሳሽ፣ አንድ አይጥ፣ አንድ ችኩል ዕቃ አውጪ ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ የለም። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ»ም ደራሲው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመ ነው። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የዕለት ማስታወሻ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ፣ ፒተር ጋሬትሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ስለ እርሳቸው ላወጡት መጽሐፍ ዋና መሠረት ሆኗል። እነዚህ የታላላቅ ሰዎች ናቸው። ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ ባለሱቁ፣ ስለ ጠላ ሻጯ የሚነግረን ወረቀት ያነሰ ጠባቂ ነበረው፤ ስለዚህም የበለጠ ጠፍቷል።

አንባቢ «ታዲያ ለምን ወደ ቤተ መዛግብት አይወሰድም?» ይል ይሆናል። ተቋሞቹማ አሉ። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተከፍቶ ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትነቱ ከልዩ ልዩ ሰዎች የተገኘ ወረቀት ይዟል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል የእጅ ጽሑፍ ክፍል አለው። በመስቀል አደባባይ ጥግ፣ የቦሌ መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ የከተማይቱን አሮጌ ፎቶግራፎች ያሳያል። በዚያው አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም አለ፤ እዚያ ገብቶ በግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉትን የወጣቶች ፎቶግራፎች ያየ ሰው የቤተሰብ መዝገብ ምን ማለት እንደ ሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አብዛኞቹ ከእናቶች ሣጥን የወጡ፣ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት ምዝገባ የተነሡ ትንንሽ ፎቶግራፎች ናቸው።

የሆነ ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ሣጥኑን ለማንም አይሰጥም፤ አለመስጠቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን ሃያ ሁለት አካባቢ ወደ አንድ ቤት ሄደን ነበር። ባለቤቲቱ እማማ ቡና አፍልተው፣ ቈሎ አቅርበው፣ ስለ ባለቤታቸው ሥራ ብዙ አጫወቱን። ሣጥኑን ለማየት ስንጠይቅ ግን ዝም አሉ። ቈይተው፣ «ልጆቼ፣ ካሁን ቀደምም አንድ የተማረ ሰው መጥቶ ነበር። ፎቶግራፉን ‹ባሳምንቱ እመልሳለሁ› ብሎ ወሰደ። እኔ ሳምንት እየቈጠርኩ እዚሁ አለሁ» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይህ ታሪክ በስንት ቤት እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል። ተመራማሪ ወስዶ የማይመልሰው ወረቀት ለባለቤቱ ከጠፋው ወረቀት አይለይም፤ የባሰም ነው፣ ምክንያቱም ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ተማሪ በር ይዘጋበታል።

በበኩላችን መፍትሔው መሰብሰብ አይመስለንም። ቢያንስ መጀመሪያው መሰብሰብ አይደለም። መጀመሪያው መዘርዘር ነው። ወረቀቱ በቤቱ ይቈይ፤ የሚወጣው ዝርዝሩና የፎቶግራፍ ቅጂው ይሁን። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝሩን ሲያሳትሙ መጻሕፍቱን ሁሉ ወደ አንድ ቤት አላጋዙም፤ ምን ምን እንዳለ አስታወቁ እንጂ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም እንዲሁ ነበር። ካሜራው ወደ መጻሕፍቱ ዘንድ ሄዶ፣ ወይም መጻሕፍቱ ወደ ካሜራው መጥተው፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ ተነሥተው ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ከዚያም እነ ዊልያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ አንድ በአንድ እያነበቡ ዝርዝሩን በየቅጹ አሳተሙት። መነኮሳቱ መጽሐፋቸውን ያስነሡት መልሰው እንደሚያገኙት ስላመኑ ነው። እማማም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው አካሄድ እንግባ። የመጀመሪያው ደንብ፣ ብዙ ሰው የሚስተውም እርሱ ነው፣ ሣጥኑን ሲከፍቱ አለማደራጀት ነው። ንጹሕ አሳቢ የሆነ ተማሪ ሣጥን ሲያገኝ ወዲያው ደብዳቤውን ከደብዳቤ፣ ፎቶግራፉን ከፎቶግራፍ፣ ደረሰኙን ከደረሰኝ መለየት ያምረዋል። እንዲህ ሲያደርግ ያጠፋል። በአንድ ፖስታ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የፍርድ ቤት መጥሪያና አንድ የባቡር ቲኬት አብረው ቢገኙ ሦስቱን አንድ ላይ ያኖረ ሰው ምክንያት ነበረው፤ ምናልባት የአንድ ክስ ታሪክ ናቸው። ከተለያዩ በኋላ ፎቶግራፉ የማን እንደ ሆነ፣ ቲኬቱም ለምን እንደ ተቀመጠ የሚናገር አይኖርም። ስለዚህ ባለሙያዎች ሁሉ የሚስማሙበት ይህ ነው፦ የአንዱን ቤተሰብ ወረቀት ከሌላው ጋር አትቀላቅል፤ ቤተሰቡ ያኖረበትንም ተራ አታፍርስ። ከመንካት በፊት ሣጥኑን እንደ ተከፈተ በስልክ ካሜራ ማንሣት፣ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እያወጡ በተራ ቍጥር መስጠት ይበቃል። ቍጥሩ በለስላሳ እርሳስ፣ በጀርባው ጥግ ላይ፣ በቀስታ ይጻፋል። በእስክሪብቶ ከቶ አይሆንም፤ ቀለሙ ሰርጎ በፊት በኩል ይወጣል።

ዝርዝሩ ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ሣጥን 1፣ ማኅደር 4፤ የግብር ደረሰኞች፣ ከ1941 እስከ 1966 ዓ.ም.፣ 26 ቅጠል፣ አማርኛ፣ የታተመ ቅጽ በእጅ የተሞላ፤ ሁለቱ ውኃ ነክቷቸዋል፤ የሚገኘው በባለቤቱ ቤት።» በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ምን ዓይነት ወረቀት እንደ ሆነ፣ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ፣ ስንት እንደ ሆነ፣ በምን ቋንቋና በምን ሁኔታ እንዳለ፣ የት እንደሚገኝ ታውቋል። እያንዳንዱን ደረሰኝ ለየብቻ የሚዘረዝር ሰው በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፤ ሣጥኑም ሳያልቅ ይቀራል። ደብዳቤ፣ ኑዛዜና ውል ግን አንድ በአንድ ቢዘረዘሩ ይሻላል።

በእኛ አገር መዝገብ ጽሕፈት ላይ የሚገጥም ልዩ ችግር የስም ነገር ነው። የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ሰውን የሚፈልጉት በቤተሰብ ስም ነውና ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ወልደ ሥላሴ» ብለው ይጽፏቸዋል፤ አባትየውን ጸሐፊ እንደ ማድረግ ነው። በእኛ ሥርዓት ሰው በራሱ ስም ይመዘገባል፣ የአባቱ ስም ይከተላል፣ ማዕርጉም ለብቻው ይጻፋል፤ ማዕርግ ከዘመን ወደ ዘመን ይለወጣልና። ችግሩ አንድ ሰው ብዙ ስም ማግኘቱ ነው። የቤት ስም አለ፤ የክርስትና ስም አለ፤ የፈረስ ስም አለ። አንድ ደብዳቤ «አባ መላ» ቢል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን፣ «አባ ነፍሶ» ቢል ደጃዝማች ባልቻን ማለቱ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ በቤተሰብ ሣጥን ያለው የፈረስ ስም ግን የአያታቸው ይሆናል፣ እርሱን የሚያውቁት ደግሞ አንዲት አክስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ካርድ ማዘጋጀትና «ይህን ተመልከት» እያሉ ማገናኘት ያሻል። ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር አለ። በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ነገር ግን ወረቀቷ በባሏ ማኅደር ውስጥ ተጨምሮ ይጠፋል። የራሷ ርስት፣ የራሷ ክስ፣ የራሷ ኑዛዜ በራሷ ስም ይመዝገብ።

ሁለተኛው ችግር ዘመን ነው። አሮጌ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ቀኑንና ወንጌላዊውን ጽፎ ዓመቱን ይተዋል፤ «መጋቢት 7 ቀን በዘመነ ማርቆስ» ብሎ ያቆማል። ይህ ግን ተስፋ አያስቈርጥም። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ስለ ማይጨው ዘመቻ ዋዜማ የሚናገር ቢሆንና ዘመነ ማርቆስ ቢል 1926 እንጂ 1927 ሊሆን አይችልም። ዓመተ ምሕረትን ወደ ፈረንጅ አቈጣጠር ስንመልስም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 እንደሚጨመር ማስታወስ ይገባል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ወረቀቱ የሚለውን እንዳለ መጻፍ ይቀድማል፤ የእኛ ስሌት በቅንፍ ይከተላል።

ፎቶግራፍን ለይተን የምናነሣው ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ በመሆኑ ነው። የሚጠፋው ሥዕሉ አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በደኅና ቦታ ከተቀመጠ ከባለቀለሙ ይልቅ ይቈያል። የሚጠፋው ስሙ ነው። ዛሬ «ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን ናቸው?» ብሎ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ነገ አይኖርም። በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሥራ ያደገው እንደ ቦያጂያን ባሉ የአርመን ቤተሰቦች እጅ ነበርና፣ በጀርባው ያለው የፎቶ ቤት ማኅተም ዘመኑን ለመገመት ይረዳል፤ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ግን ማኅተም አይናገርም። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ የወጣው የቤተሰብ ፎቶግራፎች ስብስብ ብዙ ሰው የወደደው ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የባለቤቱ ጨዋታ አብሮ ስለ ተጻፈ ነው። እኛም ሄደን ስንቀዳ ድምፅ መቅጃውን ከፍተን ሽማግሌው አልበሙን ሲገልጡ የሚሉትን ሁሉ እንያዝ፤ የሥዕሉን ቍጥር እየጠራን።

ስለ አቀማመጥ ብዙ ምክር አለ፤ ዋና ዋናውን ብቻ እንጥቀስ። የወረቀት ጠላቱ እርጥበት፣ ብርሃን፣ አይጥና ምስጥ ነው፤ አንዳንዴም ሊጠግነው የሚሞክር ወዳጅ። የተቀደደውን በፕላስተር የሚያጣብቅ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ሲበላው ያያል። ሰነድ በፕላስቲክ ማሸግ፣ «ላሚኔት» የሚሉት፣ ለመታወቂያ ያምራል፤ ለአያት ኑዛዜ ግን መቃብር ነው፣ ዳግመኛ አይወጣምና። የዛገ ስፒልና የብረት መያዣ በቀስታ ይውጣ። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ከውጭው ግድግዳና ከወጥ ቤቱ ይራቅ፤ ከክረምት በኋላ ይታይ። በስካነር የሚነሣ ከሆነ ለጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ለፎቶግራፍ 600 ነጥብ ይበቃል፤ ቅጂውም በአንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለተቋም፣ አንዱ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ለባለቤቱ የሚሰጠው መጀመሪያ ይሁን።

ከባድ ጥያቄ የሚሆነው የምሥጢር ነገር ነው። የሰው ሣጥን የሰው ገመና ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በወንድማማች መካከል የቆመ ክስ፣ በ1970 ዓ.ም. ማን ማንን እንደ ጠቈመ የሚናገር ደብዳቤ በውስጡ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታሪክ ምሥጢር የለውም» ይላሉ፤ እኛ አንስማማም። ስሟ በዚያ ደብዳቤ ያለ ሴት ዛሬም በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ዝርዝሩ «የግል ደብዳቤዎች፣ 14 ቅጠል፣ በባለቤቱ ፈቃድ ለሠላሳ ዓመት የተዘጋ» ብሎ ቢጽፍ ታሪክ ምንም አይጐድልበትም፤ ደብዳቤው እንዳለ ታውቋል፣ ይቈያል። እንዲህ ያለ ቃል ስንሰጥም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ቤተሰቡና እኛ ፈርመን፣ አንዱን ቅጂ ለእነርሱ ትተን። የተወሰደ ነገር ካለ ምን እንደ ተወሰደና መቼ እንደሚመለስ በደረሰኝ ይጻፍ። ደረሰኝ የማይቈርጥ ተመራማሪ ቤት ባይገባ ይሻላል።

ይህን ሥራ ማን ይሥራው? እንግሊዝ አገር ለየሰፈሩ የታሪክ ማኅበር አለ፤ እኛ የለንም ብለን ግን አናዝን። እድር አለን። የቦሌና የየካ አሮጌ እድሮች መዝገብ ራሱ ከማንኛውም የቤተሰብ ሣጥን የማይተናነስ ነው፤ ማን መቼ ወደ ሰፈሩ እንደ ገባ፣ ማን መቼ እንደ ሞተ፣ መዋጮ ስንት እንደ ነበረ፣ ድንኳኑ መቼ እንደ ተገዛ ተጽፎበታል። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ደግሞ የትኛው ቤት አሮጌ ወረቀት እንዳለ፣ የትኛው ቤተሰብ በቅርብ እንደሚነሣ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ እማማም ለእኛ ያልከፈቱትን ሣጥን ለእድራቸው ጸሐፊ ይከፍቱ ይሆናል። በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ አንድ ሰው ሆነው ከየቤቱ የሰበሰቡትን በሙዚየም እስከ ማሳየት ከደረሱ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ነፃ የሆንን የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ከአንድ እድር ጋር ብንጀምር ብዙ አይከብደንም።

የሚያስፈልገውም ጥቂት ነው፦ ለስላሳ እርሳስ፣ ንጹሕ ወረቀት፣ ሁለት ስልክ፣ የደረሰኝ ጥራዝና ትዕግሥት። የተማሪዎች ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የስም ካርዶቹን በማባዣው ሊያወጣልን ይችላል። የማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው የቀድሞ መጽሔቶቻችን ክምርም ቍጥር ይጠብቃል፤ ቀለሙ እየደበዘዘ፣ ወረቀቱም በጥግ በጥጉ እየተሰባበረ ነው። ልምምዱን ከእርሱ ለመጀመር የሚፈልግ ቢኖር ቁልፉ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ክረምቱ ሳይገባ የሽማግሌዎቹን አልበም ነው።